ማድረስና በሕይወት ማድረስ

ሰርቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቀርሳ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ ወላዶችን አጅቦ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መውሰድ የእኛ የአዋላጆች ሥራ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ አንዳንዴ «ሄሊኮፕተር ቢኖረን!» ይላሉ። ምኞታቸው ምኞቴ ነው፤ ግን ሄሊኮፕተር በፍጥነቱ ብቻ ሰው አያድንም።

ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ቁስለኞችን ከተራራ እያነሱ ወደ መስክ ሆስፒታል ያመላልሱ ነበር። ቁስለኛው የሚታሰረው ከውጭ በተገጠመ ቃሬዛ ላይ ስለነበር በበረራው ላይ የሚረዳው እጅ አልነበረም። የዛሬዎቹ የሕክምና ሄሊኮፕተሮች ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ አንዳንዶቹም ደም ይዘው ይነሳሉ። ሕክምናው የሚጀምረው በሽተኛዋ ካለችበት ቦታ ነው። ይህ ደግሞ በአምቡላንስም ይቻላል።

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መኪናው ሳይነሳ ኦክሲቶሲን እንወጋታለን፤ በሁለቱም ክንዶቿ ወፍራም ካኑላ ገብቶ ፈሳሽ ይጀመራል፤ የሽንት ፊኛዋ በካቴተር ባዶ ይደረጋል። በጉዞው ላይ አንድ እጄ ከእምብርቷ በታች ማሕፀኗ ላይ ነው፤ ከላላ አሸዋለሁ፣ ሲጠነክር ይሰማኛል። በየጥቂቱ የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን እለካለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ጅማ ደውዬ የደም ዓይነቷን ተናግሬያለሁ። ሳይደወልላት የደረሰች እናት ደም እስኪዘጋጅ በር ላይ ትጠብቃለች፤ በመንገድ ያተረፍነው ጊዜ እዚያ ያልቃል።

ከአስፋልቱ ይልቅ የሚከብደው ከገጠር ቀበሌ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና ያግዳል፤ እናቲቱን ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያወጣታል። ለዚህ ሩቅ ሰፈር የተሻለው መላ የእናቶች ማቆያ ነው፦ ምጥ ሳይመጣ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ መጥታ ጤና ጣቢያው አጠገብ ታርፋለች።

ባሎችና አማቶች፣ ቀኗ የተቃረበውን እናት ቀድማችሁ አምጧት። ባልደረቦቼ፣ የሪፈር ወረቀቱን ከመጻፋችሁ በፊት ካኑላውን አስገቡ፤ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ደውሉ።