በብሎን የማይፈታ ምስክር

አርባ ምንጭ ላይ አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ገዝቶ ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ሞተር ኮፈኑ ሥር ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። አብዛኞቹ ከመሥሪያ ቤት፣ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከሚሲዮን በጨረታ የወጡ ናቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፉ ሞተራቸው ተቀይሯል። የቀየረውን ሰው አልወቅስም። የኤፍጄ45 ቶዮታ ባለ6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ ኤፍ የሚባለው፣ 3,878 ሲሲ ነው። ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ተነስቶ በዶርዜ በኩል ጨንቻ ሲወጣ ከ1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አየሩ ይሳሳል፣ ካርብራተሩ ግን ለዚያ አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። በደርግ ዘመን ቤንዚን በራሽን ሲታደል ደግሞ የናፍጣ ሞተር ያገኘ ባለመኪና ኤፉን ቢያወርድ ምን ይደንቃል?

ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ መኪናውን የገዛው ሰው "ይህ ሞተር ምንድን ነው? ከየት መጣ?" ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው የሞተር ቁጥሩን ነው። ቁጥር ግን በመዶሻ የተመታ ነገር ነው፤ በግራይንደር ይጠፋል፣ በሌላ ይተካል። እኔ ይበልጥ የማምነው ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሲፈስ አብሮ የወጣውን፣ ከብሎኩ ጎን ጎልቶ የቆመውን ፊደል ነው። ብዙ ጊዜ የዓመታት ዘይትና ቀለም ሸፍኖት ይቆያል፤ ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ ያወጡታል። እሱም ተፍቆ ከሆነ ወደ ልኬት እንሄዳለን።

ጋራዥ ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ሕግ አለ፦ በብሎን የሚፈታ ነገር ሁሉ ምስክር አይሆንም። ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ የናፍጣ ፖምፓው፣ ቴስታታው ሳይቀር ከሌላ ሞተር ሊመጣ ይችላል። ብሎኩ ራሱና ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የሚጓዘው ርቀት፣ ማለትም ስትሮኩ፣ ግን አይዋሹም። የሲሊንደሩ ስፋት ሞተሩ ሲታደስ እየተቦረ ይጨምራል፤ ስትሮክ ግን የክራንክ ሻፍቱ ነው፣ በእድሳት አይለወጥም።

አንድ ኤፍጄ45 ፒክአፕ ለምሳሌ ልጥቀስ። ሊብሬው ኤፍ ቤንዚን ይላል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ያለው ባለ6 ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቁጥሩ የተፋቀ። ቶዮታ በዚያ ዘመን ለላንድክሩዘር የሠራቸው ባለ6 ሲሊንደር ናፍጣዎች ኤች እና 2ኤች ናቸው። ኤች ስፋቱ 88፣ ስትሮኩ 98 ሚሊ ሜትር ሆኖ 3,576 ሲሲ ይሞላል፤ 2ኤች 91 በ102 ሆኖ 3,980 ሲሲ። ቴስታታው ወርዶ ፒስተኑን ታች ድረስ አወረድነውና ከብሎኩ ፊት ጀምረን ጥልቀቱን ለካን፤ ላይ ሲደርስ ከፊቱ የሚለይበትንም ልክ አሰብን። 102 መጣ። ስፋቱ 91.5 ነበር፤ 2ኤች፣ አንድ ጊዜ በ0.50 የተቦረ ማለት ነው። 88ቱን ኤች ያን ያህል የሚቦር ሰው የለም። ከዚያ ወደ ሻንሲው ዞርን። የፋብሪካው የኤፍ ሳፖርት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው፣ አዲሶቹ ሳፖርቶች በብየዳ የተያያዙ። ስለዚህ ሞተሩ ከዚህ ሻንሲ ጋር ከጃፓን አልመጣም። 2ኤች በኋላ በመጡት 60ና 75 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች፣ በኮስተር አውቶቡስም ላይ ስለነበረ ለጋሽ መኪናው ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አልፎ መናገር ግምት ነው፤ ለባለቤቱም ይህንኑ ነገርኩት።

የኤፍን ስትሮክ የለካ ሰው ደግሞ የበለጠ የሚያስደስት ነገር ያገኛል። 101.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኋላ የመጣው 4,230 ሲሲ 2ኤፍም ስፋቱ ከ90 ወደ 94 ሲያድግ ስትሮኩን አልነካም። በሜትሪክ የሚሠራ የጃፓን ፋብሪካ ያንን 0.6 ከየት አመጣው? 101.6 ልክ 4 ኢንች ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1935 በኤ1 መኪናና በጂ1 የጭነት መኪና ላይ የገጠመው የመጀመሪያው ሞተሩ የጊዜውን የሸቭሮሌት ባለ6 ሲሊንደር ሞተር ተከትሎ የተሠራ ነበር፤ የዚያም ስትሮክ 4 ኢንች ነው። ጨንቻ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ኤፍ የአሜሪካ ዝርያ አለበት ስል በካሊፐር የሚታይ ማስረጃ ይዤ ነው።

ላንድሮቨር ይቀላል። የ2,286 ሲሲ ሞተሩ ስትሮክ 88.9፣ ማለትም 3 ኢንች ተኩል ነው። ሳይፈታም ቁልፍ ይለየዋል፦ የጃፓን ሞተር 12ና 14 ቁልፍ ይፈልጋል፣ የጀርመንና የጣሊያን 13ና 17፣ የእንግሊዙ ግማሽ ኢንችና ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ። ብሎኖቹ ተቀያይረው ከሆነ ብሎኩ ውስጥ ያለውን ጥርስ ማየት ነው፤ ያ የፋብሪካው ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለወሬ አይደለም። ኤፍ በፒስተን 4 ቀለበት፣ 2ኤፍ 3 ቀለበት አለው፤ ስሙን ብቻ ሰምቶ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚደውል ሰው የማይገጥም ዕቃ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አስመጥቶ መኪናውን ለሳምንታት ያቆማል።

ሞተር የምትቀይሩ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እለምናችኋለሁ፦ ቁጥር አትፋቁ። የሞተሩን ዓይነት፣ የወረደበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር፣ የተቦረበትን ልክና ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ባለመኪኖችም ያንን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ፤ ለውጡንም ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።