አንድ ቀን በባቱ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባቱ ለሚደርስ እንግዳ፣ እኔ የምመክረው በማለዳ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳር መውረድን ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ የተባሉት ወፎች ሰው ሳይፈሩ ቆመው ትራፊውን ይጠብቃሉ። ምንኛ ያማረ ትርኢት ነው!

ከዚያ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁ ይህ ነው፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ እንደተጠለለች ትውፊቱ ይናገራል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን በደሴቶቹ የሚኖረውን የዛይ ሕዝብ ነው። በውሃ ተከቦ ለዘመናት ኖሮ፣ ቁጥሩ ጥቂት ሆኖ ሳለ የራሱን ቋንቋ እስከ ዛሬ ጠብቋል።

ለምሳ ወደ ከተማው ተመልሶ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በአዋዜና በሎሚ መብላት ነው።