«ያልተነካው» ሜዳ

አንድ የጉዞ ወኪል ያሳተማት ባለ አራት ገጽ ወረቀት ሰሞኑን እጄ ገባች። የባሌን ተራሮች በፈረስ እያቋረጡ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደርን ነው የምታስተዋውቀው። ስለ ጅብራው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው፣ ስለ ሰነቴ ብርድ ታወራና አገሩን «የሰው እጅ ያልነካው ምድር» ብላ ታርፋለች። በማስተምርበት ዘመን ተማሪ እንዲህ ብሎ ጽፎ ቢያመጣልኝ፣ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማን ነገረህ?» ብዬ እመልስለት ነበር።

ጉዞውንማ አልጠላውም። ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ከዲንሾ ተነስተን የወይብን ሸለቆ ይዘን ስንሄድ፣ አንድ ፎቅ መውጣት የሚያስለከልከኝ ሰውዬ ኮርቻ ላይ ጌታ ሆኜ ዋልኩ። (በማግስቱ መቀመጥ አቅቶኝ ቁርሴን ቆሜ መብላቴን ለማንም እንዳትነግሩብኝ።)

ነገር የመጣው ማታ ነው። ባለፈረሱ ጓዛችንን አራገፈ፣ ኮርቻዎቹን አወረደ፣ ፈረሶቹን ሣሩ ላይ ለቀቃቸው። ቀን መንገድ ላይ «እዚህ ከብት ማስገባት ክልክል ነው» ያለን እሱ ራሱ ነበር።

«ይኼስ አይከለከልም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እናንተን ሲያመጣ ምንም አይባልም።»

«እኛ ስንሄድስ?»

«ያን ጊዜማ የኔ ከብት ነው!»

ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ የኔ ሳቅ ግን ብዙም አልቆየ።

ያው ሰው፣ ያው ፈረስ፣ ያው ሣር ነው። እኛ ስንኖር አስጎብኚ፣ ሳንኖር ጥፋተኛ። በወረቀቷ ላይማ ጭራሽ አልተፈጠረም። ባሌ ውስጥ ከብትን ወቅት እየጠበቁ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ፣ ከደጋው ወደ ጫካው፣ ከዚያም ወደ ሆራው ማንቀሳቀስ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ጎዳንቱ ይሉታል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፣ ጎዳንቱ ይቀድመዋል። እኛ ፎቶ እየተነሳን የምንጋልብበትን ዱካ ታዲያ ማን ያወጣው ይመስላችኋል? ወኪሉ?

ቃሉ ራሱ ይገርመኛል። «ካምፒንግ» ስንል አዲስ ነገር ያመጣን ይመስለናል። ሰፈር የምንለው ቃል ከመስፈር አይደለም እንዴ የመጣው? ዛሬ «እገሌ ሰፈር» እያልን ታክሲ የምንጋፋባቸው ብዙዎቹ የአዲስ አበባ መንደሮች አንድ ጊዜ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ድንኳን የተከሉባቸው ሜዳዎች ነበሩ። ስንቅ፣ ጓዝ፣ ጭነት፣ አጋሰስ፣ ችካል፤ የቃል ድህነት የለብንም።

ቧንቧም መጸዳጃም በሌለበት ሜዳ ከፈረስ ጋር ማደርን እንደ መዝናኛ ያደራጁት አሜሪካኖች ናቸው። ከነሱ ስንቀዳ ደግሞ የሚቀለውን ብቻ ቀዳን። በአገራቸው ብሔራዊ ደኖች አንድ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መስፈር አይቻልም። ፈረስ ከወንዝ ዳር ርቆ ይታሰራል። በብዙዎቹ ምዕራባዊ ግዛቶች በሚገኙ የሕዝብ መሬቶች ላይ ደግሞ ለፈረሱ የሚጫነው ድርቆሽ የአረም ዘር እንደሌለበት የተመሰከረለት መሆን አለበት። እኛ ድንኳኑን ወሰድን፣ ድርቆሹን ተውን። «ያልተነካ» የሚለውን ተረትም አብረን ወሰድን። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1872 የሎውስቶንን ፓርክ ሲያደርጉ፣ ሲያድኑበትና ሲሰፍሩበት የኖሩት ነባር ሕዝቦች ከዚያው እንዲወጡ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት ሕግም ዱር ማለት ሰው እንግዳ ሆኖ መጥቶ የሚሄድበት ቦታ እንደሆነ ይደነግጋል። ዲንሾ ላይ እንግዳው እኔ ነበርኩ እንጂ ባለፈረሱ አይደለም።

ይህን ስል እረኛውን ንጹሕ አድርጌ ላቀርብላችሁ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚያው ባሌ ናቸው። የእረኛው ውሻ ያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል። ሣሩ ሲጋጥ ቀበሮው የሚያድናቸው ፍልፈልና አይጦችም መኖሪያቸውን ያጣሉ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ደስ ብሎኛል፣ እንዲጠበቅም እፈልጋለሁ። ግን «ያልተነካ» የምትል ወረቀት እረኛውን ከችግሩም ከመፍትሔውም አብራ ነው የምትሰርዘው። ላሞቹን እንዲቀንስ ማን ሊጠይቀው ነው? በምንስ ሊካካስለት? በፈረሱ ኪራይ እንዳንል፣ እሱም በተራ ነው። «ተራ እስኪደርሰኝ የሚያበሉኝ ላሞቹ ናቸው» ብሎኛል።

ወኪሉ ወረቀቷን ዳግም የሚያሳትማት ከሆነ ሁለት መስመር ቢጨምርበት ደስ ይለኛል፤ አንዱ የፈረሶቹ ድርቆሽ በማን ወጪ እንደሚጫን፣ ሌላው ከምንከፍለው ገንዘብ ባለፈረሱ እጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ።

እኛም ብንሆን ከወረቀቷ አንሻልም። ሦስት ቀን የተሸከመኝን ፈረስ ስም የጠየቅሁት ስንሰናበት ነው። ዳማ ነው አለኝ። የሱን የራሱን ስም ግን ከአራታችን አንዳችንም አልጠየቅንም።