ቶቢ ታይለር፦ ሰርከስ ከድንኳኑ ጀርባ

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ወልድያ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ መሄድን ያልተመኘ የጋይንት ልጅ ጥቂት ነው። ጄምስ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመውን «ቶቢ ታይለር» የተሰኘ ልብ ወለድ የምወደው ይህን ምኞት ሳያቃልል፣ ዋጋውንም ሳይደብቅ ስለሚናገር ነው።

ቶቢ ወላጅ የሌለው የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነው። አጎቴ እያለ ከሚጠራው አሳዳጊው ከዳንኤል ቤት ጠፍቶ ተጓዥ ሰርከስ ይከተላል። የሚጠብቀው ግን ቀን ከረሜላ እያስሸጠ የሚገርፈው ጌታ፣ ሌሊት ደግሞ በጋሪ ላይ መንገላታት ነው። ደራሲው ሰርከሱን በጓሮ በኩል ማሳየቱ ብቻውን ያስመሰግነዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን በዚያ ጓሮ ያለው ደግነት ነው። ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ የሚስቅባቸው አጥንተ ቀጭኑ ሰውና ወፍራሟ ሚስቱ ለቶቢ እናትና አባት ይሆኑታል፤ ያበሉታል፣ ከዱላም ያስጥሉታል። ሚስጥሩን የሚያዋየው ደግሞ ለሚስተር ስታብስ፣ ለአሮጌው ጦጣ ነው። ቶቢ ከሰርከሱ ሲሸሽ ጦጣው በአዳኝ ጥይት የሚሞትበትን ምዕራፍ ያለ እንባ ማንበብ ይከብዳል።

የእኛ አገር ሰርከስ መንገዱ ሌላ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ከሰፈር ልጆች ጋር ነበር። በክልላችንም የደብረ ብርሃን ሰርከስ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ መድረክ ያሠራል። ቶቢ እንዲህ ያለ ቡድን ቢያገኝ ኖሮ ከሰርከስ መሸሽ ባላስፈለገው።