የድንጋይ ሽበት

ዛሬ የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች የቆሙበት ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው የሠቡ ሰንጎች ይሸጡበት ከነበረው ገበያ ሲሆን፣ በዚያ ገበያ ውለው ይገቡ የነበሩት አያቴ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልላቸው፣ የበሬውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገልበው ስንት ጥርስ እንደ ጣለ ሳያዩ ዋጋ አይቆርጡም ነበር። እኔም የበረዶን ታሪክ መመርመር ሥራዬ ካደረግሁ ወዲህ ሙያዬ ከርሳቸው የራቀ መስሎ አይታየኝም፤ ሁለታችንም አንደበት የሌለውን ፍጥረት ዕድሜ ከገላው ላይ እናነባለንና።

ለዚህ ሙያ እንግዳ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚሳሳተው በመጠን ነው። በአንታርክቲካ ዳርቻ ከየብስ ወጥቶ በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ሰፊ የበረዶ ገበታ ቢቀልጥ የውቅያኖሱን ከፍታ እምብዛም አይጨምርም፤ የክብደቱን ያህል ውኃ ቀድሞውኑ ገፍቷልና። ነገር ግን በየብስ ላይ የተከመረው በረዶ ወደ ባሕር እንዳይንደረደር ደግፎ የያዘው እርሱ ነው። ላርሰን ቢ የተባለው ገበታ በ1994 ዓ.ም.፣ በጥርና በየካቲት፣ ከላዩ የቀለጠው ውኃ በስንጥቁ እየገባ ሲሰነጥቀው 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በ35 ቀን ውስጥ ተሰባብሮ በሄደ ጊዜ፣ ከኋላው የነበሩት የበረዶ ወንዞች ፍጥነታቸውን እጅግ ጨምረው ወደ ባሕር ወረዱ።

ባሕር በሌለው አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ከፍታ መጨነቅ ምን ይጠቅማል የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። ጥያቄያቸው የሚገባ ነው፤ መልሱም በደናክል ረባዳ ይገኛል። ግመል አሞሌ በሚጭንበት በዚያ በረሃ ዳርቻ ያለው የኮራል ድንጋይ፣ ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የዋልታዎች በረድ ከዛሬው ይልቅ ቀልጦ የዓለም ባሕር ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ ባለበት ዘመን፣ ቀይ ባሕር እስከዚያ ገብቶ እንደ ነበረ ምስክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤ ያለው በባሌ ነው። ከ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት የሳነቴ አምባ በዘመነ በረድ በረዶ ለብሶ ነበር፤ በረዶውም ሲሸሽ የተሸከመውን ቋጥኝ በየሸለቆው ጥሎ ሄደ። ቋጥኙ ከበረዶው ከተላቀቀባት ቀን አንሥቶ ከጠፈር የሚወርደው ጨረር በገጹ ላይ ክሎሪን 36 የተባለውን ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ያከማቻል። እኛም ሥር ሰዶ የተቀመጠውን ቋጥኝ መርጠን፣ በትከሻችን ገፍተን አለመነቃነቁን አረጋግጠን፣ የድንጋይ ሽበቱን ከላዩ ጠርገን፣ በመዶሻና በመሮ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍላጭ እናወጣለን፤ በቤተ ሙከራ ያ ክምችት ሲለካ ዕድሜው ይገለጣል። የባሌ በረዶ ከ40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ የዓለም በረድ ከልኩ ጫፍ ሳይደርስ አስቀድሞ፣ እጅግ ሰፍቶ እንደ ነበረ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የሚያስደንቀኝም፣ በዚያው ዘመን ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ ውስጥ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ፣ ከበረዶው በማይርቅ ስፍራ ይኖሩ የነበረ መሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ ከብርድ ጋር ስንታገል ውለን ያወጣነው ፍላጭ የማይታመን ዕድሜ ሰጠን። ተመልሰን ብናይ፣ ቋጥኙ ለበረት አጥር ሲባል ተገልብጦ ኖሯል፤ ለዘመናት ከታች የነበረው ገጹ ወደ ላይ ዞሮ ነበር። ስለዚህ ወደ ሳነቴ የምትወጣ ወዳጄ ሆይ፣ ለምድጃም ሆነ ለመቀመጫ ብለህ እነዚያን ድንጋዮች ከስፍራቸው አታንቀሳቅስ።