የሥዕል ቤት ዝና ለተከታዩ ሥራ ዋስ ይሆናልን?

አንድ የሥዕል ቤት በፊተኛው ሥራው ከተመሰገነ፣ ተከታዩም መልካም ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መፍረድ የተለመደ ነው። ይህ አስተያየት ዛሬ ስለ ጃፓን የሥዕል ፊልሞች በሚነሣው ክርክር ይሰማል። እኛ በአምባ ጊዮርጊስ ያደግን የወገራ ልጆች ግን አስቀድመን ስለ ጎንደር ሥዕል ሲነገር ሰምተነዋል፤ «የጎንደር ነው» ከተባለ ሰው ሳያይ ያደንቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የጃፓኑን እንመልከት። «ዋን ፓንች ማን» የተባለው ተከታታይ ፊልም አንደኛ ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. በማድሃውስ ስቱዲዮ ተሠርቶ እጅግ ተመሰገነ። በ2019 የወጣው ሁለተኛ ክፍል በጄ ሲ ስታፍ ስቱዲዮ፣ በሌላ ዳይሬክተር ተሠራ፤ ብዙ ተመልካችም ቅር ተሰኘ። ወቀሳው ሁሉ በስቱዲዮው ስም ላይ ወደቀ። ነገር ግን አንደኛውን ክፍል ካሳመሩት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ ዳይሬክተሩ ሺንጎ ናትሱሜ ከየቦታው የሰበሰባቸው እንጂ የማድሃውስ ቋሚ ሠራተኞች አልነበሩም። እንግዲህ ምስጋናው የቤቱ ብቻ አልነበረም።

በጎንደርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የተስፋፋው የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ቀለሙ ደማቅ፣ ጥላው ጥቂት፣ የልብሱ እጥፋት በመሥመር የተለየ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሁለተኛው ስልት ተነሣ፤ ፊት በጥላ ሞላ፣ ልብስ በጌጥ ከበረ፣ አሠሪውም ከቅዱሳን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣል ጀመር። በጣና ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው እንዲሁ ተሥለዋል። የኋለኞቹ ሠዓሊዎች የፊተኞቹን ዝና ጠብቀው ቢደግሙ ኖሮ ሁለተኛ ስልት ባልተባለም ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሌላ ማስረጃ ነው። ቀዳማዊ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበር፤ ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ በኋላ የተሠራ ነው። ስሙ አንድ፣ ሥራው ሁለት። በጣሪያው ያሉትን መላእክት እያየ ኢያሱን ብቻ የሚያመሰግን ሰው የኋለኞቹን ድካም ለሌላ ይሰጣል።

ዝና ከንቱ ነው አንልም። ዝና አሠሪን ያመጣል፣ ደቀ መዝሙርን ይስባል፣ ለሥራው ጊዜና ገንዘብ ያስገኛል። ሆኖም ብሩሽ አይዝም። አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ እንዲሉ፣ ያለፈ ክብር ለሚመጣው ሥራ ዋስ አይሆንም።

ከጥንት ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስማቸውን በሥራቸው ላይ አልጻፉም። እኛም «የጎንደር ነው» ብለን ስንረካ ሁለተኛ ጊዜ እንሰውራቸዋለን። ስለዚህ ሐያሲ ከቤቱ ስም በፊት «ማን ሠራው? ለማን? በምን ያህል ጊዜ? ከምን አርአያ?» ብሎ ይጠይቅ። የአንዱን እጅ ከሌላው ለይቶ መመዝገብም ለዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ይመስለናል።