የመስከረም አበባ፣ የነሐሴ ሥራ

በመስከረም በአዊ ደጋ ወዳለችው ጥርባ ብቅ ያለ ሰው አትክልተኛ ያልደከመበት የአበባ ቦታ ያገኛል። የግጦሹ ዳር፣ የእርሻው ድንበር፣ የመንገዱ ቦይ አደይ ለብሶ ይጠብቀዋል። እንግዳው ፎቶ ሲያነሣ እኔ ንብ አናቢ ነኝና ጎንበስ ብዬ የንቧን የኋላ እግር አያለሁ። ብናኝ ቋጥራ ከሄደች ቀፎው ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ።

አደይን ማየት ለሁሉም ነው፤ ማሩ ግን ቀድሞ ለተሰናዳ ብቻ። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ 3 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ያን ጊዜም ቢሆን ወዲያው ወደ አበባ አትወጣም። ቀፎ ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ የማር እንጀራ ትሠራለች፤ በዚህ ሌላ 2 ወይም 3 ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ መስከረም 20 አደይ ላይ የምናያት ንብ እንቁላሏ የተጣለው በነሐሴ አጋማሽ ግድም ነው። ነሐሴ ደግሞ በአዊ ደጋ የንብ ረሃብ ወር ነው፤ ዝናቡና ብርዱ ከደጃፍ አያስወጣትም። በዚያ ወር ስኳር በጥብጦ ያልመገበ፣ የቀፎውን ክዳን ያላጠበቀ አናቢ፣ አበባው ሲፈካ የሚያሰማራው ሠራተኛ አይኖረውም። አደይ ከፈነዳ በኋላ ስኳር የሚያቀርብ ሰውም ትርፉ ድካም ነው፤ ያኔ የተጣለው እንቁላል ለሥራ ሲደርስ አበባው ወደ መርገፉ ነው፤ ስኳሩም ከማሩ ይቀላቀላል።

ማሩ የሚቆረጠው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው፤ ያውም የማር እንጀራው አብዛኛው በሰም ሲታሸግ። ያልታሸገ ማር ውኃው ስላልወጣለት ይቦካል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አደይ ዓመታዊ ተክል ነውና የከርሞው አበባ ዘንድሮ ከሚረግፈው ዘር ይመጣል። ገበሬው ቱፎርዲ የሚለው ፀረ አረም ስንዴና ጤፍን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ያደርቃል፤ ነፋስ ወደ ማሳው ዳር ከወሰደው አደይና መጭ የተባለው አበባ አብረው ይሄዳሉ። ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍም አለ። ብዙ ቤት አቁሟልና አልነቅፈውም፤ ጥላው ከገጠመ በኋላ ግን ከሥሩ አደይ እምብዛም አይታይም።

ለእንቁጣጣሽ እቅፍ አበባ የምትቀጥፉ ልጆች፣ ቅጠፉ፤ ከሥሩ ግን አትንቀሉት። ገበሬ ወንድሞቼ፣ የድንበሩን ሣር የአደይ ዘር እስኪረግፍ አቆዩልን፤ ነፋስ ባለበት ሰዓትም አትርጩ።